ሁለት ሰው በአንድ ጀልባ፦ ሦስት ቀን በላንጋኖ ምሥራቃዊ ዳርቻ



ድንኳናችንን ተሸክመን ከቤት ወጥተን መኪና ላይ ስንጭን፣ ከሲኤምሲ ጎረቤቶቻችን መካከል አንዲት አዛውንት እናት ከበረንዳቸው ብቅ ብለው በድንጋጤ «ምነው ልጆቼ፣ ማን ሞተ?» አሉን። አልተሳሳቱም። በእኛ አገር ድንኳን የሚተከለው ለሰርግ ነው፣ አለያም ለለቅሶ ነው። የሰርግ ወሬ ደግሞ በሰፈሩ አልተሰማም። «ለሽርሽር ነው እማማ፣ ሐይቅ ዳር ልናድርበት ነው» ብለን ስናስረዳቸው ትንሽ አሰቡና «ታዲያ ቤታችሁ ምን ሆነ?» ብለው ጠየቁን።

ለጥያቄያቸው ያን ጊዜ መልስ አልሰጠንም። ቤታችን ምንም አልሆነም ነበር። ከተጋባን 9 ዓመት ሆኖናል፤ አልሐምዱ ሊላህ ሁለት ልጆች አሉን፤ ሁለታችንም ሥራ አለን። ነገር ግን ጠዋት ስንለያይና ማታ ስንገናኝ የምንነጋገረው ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ስለ ባንክ ዕዳ፣ ውኃ መጣ አልመጣ ስለሚለው ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ከዒሻ ሶላት በኋላ አንዳችን ስልካችን ላይ፣ አንዳችን ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጠን እንቅልፍ ይወስደናል። ብንጣላ እንኳ በተሻለ ነበር፤ ለጠብ የሚበቃ ወሬ አልነበረንም።

ይህን ጽሑፍ ሁለታችን ጎን ለጎን ተቀምጠን ጻፍነው። ስለዚህ «እኛ» ስንል ሁለታችንን ነው። አንዳችን ብቻ ያደረግነው ነገር ሲኖር «ባልየው» ወይም «ሚስትየዋ» እያልን እንቀጥላለን። ጥፋቱን ለሁለት የተካፈልነው ከብዙ ክርክር በኋላ መሆኑንም አንባቢ ይወቅልን።

ጀልባዋ

የሁሉ ነገር መነሻ የሚስትየዋ ወንድም ነው። በውጭ አገር የሚኖር ሲሆን ለዒድ ሲመጣ አንዲት በአየር የምትነፋ ጀልባ ይዞልን መጣ። ስትታጠፍ አንድ ሻንጣ ውስጥ ትገባለች። ስትነፋ ሁለት ሰው ፊትና ኋላ ያስቀምጣል። ካያክ ይሏታል። ካያክን የፈጠሩት በሰሜን ዋልታ አካባቢ፣ በግሪንላንድና በሰሜን አሜሪካ በረዶ ዳር የሚኖሩ ሕዝቦች ናቸው፤ በእንጨት ወይም በአጥንት አጽም ላይ የባሕር እንስሳ ቆዳ ወጥረው ለአደን ይወጡባት ነበር። የእኛው የጣና ሰው ከደንገል እየጎነጎነ ታንኳ እንደሚሠራው መሆኑ ነው። ልዩነቱ መቅዘፊያው ላይ ነው፤ የካያክ መቅዘፊያ በሁለቱም ጫፉ ሰፊ ምላስ ስላለው አንድ ጊዜ በቀኝ፣ አንድ ጊዜ በግራ እየተባለ ይቀዘፋል።

ወንድምየው ጀልባዋን ሲያስረክበን እየሳቀ አንድ ነገር ጨመረልን። በውጭ አገር ያሉ ቀዛፊዎች የሁለት ሰው ካያክን በቀልድ «የፍቺ ጀልባ» ይሏታል። እኛም አብረን ሳቅን።

ዘመዶቻችን ግን አልሳቁም። «የልጆች እናትና አባት ሆናችሁ የልጅ ጨዋታ» ያሉን ነበሩ። ለእነርሱ የሰጠነው መልስ ከሐዲስ የተማርነው ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ጉዞ ላይ ሶሓቦችን ወደፊት እንዲያልፉ አድርገው ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ጋር ሩጫ ተወዳድረዋል። መጀመሪያ እርሷ ቀደመቻቸው። ከጊዜ በኋላ ሰውነቷ ሲከብድ ዳግም ተሽቀዳድመው እርሳቸው ቀደሙና ያችኛይቱን ብድር መለሱላት። እንግዲህ ያን ያህል የኡማ ኃላፊነት የተሸከሙት ነብይ ለሚስታቸው ለሩጫ ጊዜ ካገኙ፣ የእኛ ሥራ ምን ያህል ቢበዛ ነው?

ለምን ላንጋኖ?

አገራችን ባሕር የላትም፤ በሐይቅ ግን አልተበደለችም። ላንጋኖን የመረጥነው ከአዲስ አበባ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚርቅና ቢልሃርዚያ የሌለበት ሐይቅ ተብሎ ስለሚታወቅ ነው። ስፋቱ ወደ 240 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ከባሕር ወለል በላይ ከፍታው ወደ 1585 ሜትር፣ ጥልቀቱም በጥልቁ ቦታ ከ45 ሜትር ይበልጣል። ብዙ ሰው የሚያውቀው በአስፋልቱ በኩል ያለውን፣ ሆቴል የበዛበትን ምዕራባዊ ዳርቻ ነው፤ ሙዚቃና ግርግር አለበት። እኛ የፈለግነው ምሥራቁን ነበር። በዚያ በኩል ከአርሲ ተራሮች እንደ ገዳምሶና ለፒስ ያሉ ወንዞች ይወርዳሉ፤ ውኃ ዳር ድረስ የወረደ ደን አሁንም በቁራጭ በቁራጭ ይገኛል።

ልጆቹን ለአያታቸው ሰጥተን፣ በሰሚት አድርገን ጎሮን አልፈን ቱሉ ዲምቱ ላይ የፈጣን መንገዱን ስንይዝ ከረፋዱ 5 ሰዓት ሆኖ ነበር። ልንወጣ ያሰብነው በ1 ሰዓት ነው፤ ይለፈን። ከሞጆ ወዲያ ዓለም ጤናን፣ መቂን፣ ባቱን እያልን ስንወርድ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የከሰል ማዳበሪያ ተደርድሮ ይታያል። እያንዳንዱ ማዳበሪያ አንድ ግራር ነበር ብለን ተቆጨን፤ ቀጥለንም በየቤታችን የምናነደው ከሰል ከየት እንደሚመጣ ትዝ ሲለን ዝም አልን።

ሶላት ላይ ትንሽ አስቂኝ ነገር ገጠመን። የባልየው ቤተሰብ ከወሎ፣ ሐነፊ ነው፤ የሚስትየዋ ከአርሲ፣ ሻፊዒ ነው። ሁለታችንም መንገደኛ ስለሆንን አራት ረከዓውን ሁለት አድርገን እናሳጥራለን፤ በዚህ ልዩነት የለንም። ሚስትየዋ ግን መቂ መስጊድ ገብታ ዙህርንና ዓስርን አጣምራ ጨረሰች። ባልየው በመዝሀቡ ማጣመር ስለሌለ ዓስርን ለብቻው ለመስገድ ከቡልቡላ አለፍ ብሎ በግራ በሚገነጠለው የአቧራ መንገድ ላይ መኪናውን አቆመ። ሚስትየዋ መኪና ውስጥ ሆና ጭኮ እየበላች ጠበቀችው። ጭኮው ከአሰላ የተላከልን ነው። ከገብስ ዱቄትና ከተነጠረ ቅቤ ስለሚሠራ ለብዙ ቀን ሳይበላሽ ይቆያል፤ ለድንኳን ኑሮ ከዚህ የተሻለ ስንቅ አላየንም።

ከሾላው ሥር

ከአካባቢው ሽማግሌዎች ፈቃድ ጠይቀን፣ ለጥበቃ አንድ ወጣት ቀጥረን፣ ከአንድ ትልቅ ሾላ ሥር ድንኳናችንን ተከልን። ዛፉን ሁለታችን እጅ ለእጅ ተያይዘን ልናቅፈው ሞክረን አልደረስንበትም። ከላዩ ጉሬዛዎች ጥቁርና ነጭ ካባቸውን አንጠልጥለው ቁልቁል ያዩናል። ጦጣዎቹ ግን ማየት ብቻ አልበቃቸውም፤ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ሙዛችንን አሰናበቱን። ምግብ ከመኪና ውጭ አታስቀምጡ ብለው የነገሩንን ያመንነው ከዚያ በኋላ ነው።

የላንጋኖ ውኃ ቡናማ ነው፤ ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል። የቆሸሸ ግን አይደለም። ወንዞች ከሚያመጡትና ከሥሩ ከሚነሳው እጅግ ደቃቅ አፈር የመጣ ቀለም ነው፤ አፈሩ ከደቃቅነቱ የተነሳ አይዘቅጥም። ለመጠጥና ለምግብ ከቤታችን በጀሪካን ይዘን ሄደናል። ለመግሪብ ውዱእ ልናደርግ ወደ ዳርቻው ስንወርድ ሚስትየዋ እፍኟን ሞልታ እያየች «በዚህ ይጸዳል?» አለች። ባልየው በልጅነቱ መድረሳ የቀራትን አስታወሰ፦ ውኃ ከራሱ መውረጃና መቀመጫ አፈር የተነሳ ቀለሙ ቢለወጥ ጦሁርነቱ አይጠፋም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከቧንቧ ውኃ በቀር ያላወቀው ትምህርት ሥራ ላይ ዋለ።

ከምሥራቁ ዳርቻ ሲታይ ፀሐይ የምትጠልቀው ሐይቁ ውስጥ ነው። ቂብላው ወደ ሰሜን፣ ጥቂት ብቻ ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ስለሆነ ሶላት ላይ ስንቆም ውኃው በግራችን፣ ደኑ በቀኛችን ሆነ። ሌሊት ጅብ ጮኸ። ከሸምበቆው በኩል ደግሞ ከርሠ ምድር የሚወጣ የሚመስል ጉምጉምታ ሰማን። ጠባቂያችን ከእሳቱ ዳር ሆኖ «ሮቢ» አለን። በኦሮምኛ ጉማሬ ማለት ነው።

ቀኝ! ቀኝ!

በማግስቱ ከሱብሒ በኋላ ሐይቁ እንደ መስታወት ተኝቶ ነበር። መረብ የሚያነሱ አንድ ዓሣ አጥማጅ ሁለት ነገር መከሩን፤ ከቀትር በፊት ተመለሱ፣ ሸምበቆ አትጠጉ። ምክንያቱንም አስረዱን። ቀን ላይ ምድሩ ከውኃው ፈጥኖ ይሞቃል፤ የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲነሳ የሐይቁ አየር ቦታውን ለመያዝ ወደ ምድር ይነፍሳል። ጉማሬ ደግሞ ቀኑን ውኃ ውስጥ ያሳልፋል፤ በእርሱና በጥልቁ ውኃ መካከል የገባ ሰው ማምለጫውን የዘጋበት ስለሚመስለው ያጠቃል። እኛም «እሺ፣ ጀዛከላህ» ብለን፣ ተንሳፋፊ ሰደርያችንን አጥብቀን ወደ ደቡብ ቀዘፍን።

ሚስትየዋ ፊት፣ ባልየው ኋላ። በደንቡ ከፊት ያለው ሰው የአቀዛዘፉን ልክ ይሰጣል፤ ከኋላ ያለው ያንን እየተከተለ አቅጣጫ ያስይዛል። ሚስትየዋ አሰላ ያደገች፣ ከወንዝ በቀር ውኃ የማታውቅ ሴት ናት፤ የጀልባዋን ጠርዝ ለቅቃ መቅዘፊያውን ለመያዝ ግማሽ ሰዓት ፈጀባት። ባልየው ከደሴ በስተሰሜን ያለችው የሐይቅ ከተማ ልጅ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ይዋኛል። ጠዋቱ ግን የእርሷ ሆነ። አንድ የዓሣ ንስር ከፊታችን ቁልቁል ወርዶ በጥፍሩ ዓሣ ነጥቆ ሲነሳ ፍርሃቷን ረስታ ጮኸች። ዛፎች ቅርንጫፋቸውን ውኃው ላይ ያጎነበሱባት አንዲት ጸጥ ያለች ወሽመጥ አገኘን። ማንም ሰው አልነበረም። ሚስትየዋ እንደለበሰች ውኃው ውስጥ ገባች፤ ባልየው ከጀርባዋ ደግፏት መንሳፈፍ ተማረች። ሰዓት አልተመለከትንም። ጥፋታችን ይህ ነው።

ስንነሳ ቀትር አልፏል። ከወሽመጧ አፍ እንደወጣን ነፋሱ ከግራ መታን። በአየር የተነፋች ጀልባ ውኃው ላይ እንደ ፊኛ ናት፤ ነፋስ ይጫወትባታል። ማዕበሉ ጎኗን እየመታ ወደ ቀኝ፣ ወደ ሸምበቆው ይገፋን ጀመር። ባልየው ከኋላ «ቀኝ! ቀኝ!» እያለ ጮኸ። ሚስትየዋ ባላት ኃይል ሁሉ ጀልባዋን ወደ ቀኝ ለማዞር ቀዘፈች። የበለጠ ወደ ሸምበቆው ተጠጋን። «ቀኝ አልኩሽ እኮ! አትሰሚም?» አላት። ድምፁ በ9 ዓመት ውስጥ ሰምታው የማታውቀው ዓይነት ነበር።

በዚህ ጊዜ ሚስትየዋ መቅዘፊያዋን ጉልበቷ ላይ አጋድማ ተቀመጠች። ሳትዞር፣ ዝግ ባለ ድምፅ ጠየቀችው። «ቀኝ ስትለኝ ወደ ቀኝ አዙሪ ማለትህ ነው ወይስ በቀኝ በኩል ቅዘፊ ማለትህ ነው?»

በቀኝ በኩል ሲቀዘፍ ጀልባ ወደ ግራ ትዞራለች። ባልየው «በቀኝ ቅዘፊ» ማለቱ ነበር፤ ሚስትየዋ «ወደ ቀኝ ሂጂ» ብላ ሰማች። ሁለታችንም አንዱን ቃል ይዘን በተቃራኒው እንታገል ነበር። ይህንን ለመረዳት የፈጀብን ጊዜ ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም። በዚያች ግማሽ ደቂቃ ግን ከሸምበቆው ውስጥ፣ ሃምሳ እርምጃ ያህል ከሚርቅ ቦታ፣ በአፍንጫው ውኃ የረጨ ትልቅ ነገር ትንፋሽ ሰማን። ጆሮዎቹን ብቻ አየን።

ከዚያ ወዲያ ማንም ማንንም አላዘዘም። ሚስትየዋ ጮክ ብላ ዚክር ጀመረች። በቀኝ ስትቀዝፍ «ሱብሓነላህ»፣ በግራ ስትቀዝፍ «አልሐምዱ ሊላህ»። ባልየው ቃሏን እየተከተለ ቀዘፈ። ሶሓቦች በጉዞ ላይ ዳገት ሲወጡ ተክቢር፣ ቁልቁለት ሲወርዱ ተስቢሕ ይሉ እንደነበር በሐዲስ ተነግሯል፤ እኛ ያን ዕለት የገባን ነገር ቢኖር ዚክር ትንፋሽንም ክንድንም እንደሚያስተካክል ነው። የጀልባዋን አፍንጫ ፊት ለፊት ወደ ነፋሱ አዞርን። በዚህ ሁኔታ ማዕበሉ ጎኗን ማግኘት አይችልም። ጥቂት በጥቂት ከሸምበቆው ራቅን፤ ከዚያም በሰያፍ እያደረግን ከብት ውኃ ወደሚጠጣበት ገላጣ ዳርቻ አቀናን። ጠዋት በእፎይታ የቀዘፍነውን መንገድ ግማሹን እንኳ ለመጨረስ አንድ ሰዓት ሙሉ ፈጀብን። ከብት ጠባቂዎች እስከ ጉልበታቸው ገብተው ጀልባዋን ሳቡልን። የሁለታችንም እጅ መቅዘፊያውን አልለቅ ብሎ ነበር።

ሲንቄው

ቤቱ ቅርብ ነበር። አንዲት አዛውንት እናት አስገብተውን እርጎ በቅል አቀረቡልን። ሚስትየዋ ኦሮምኛ ስለምትችል «አዴ» እያለች ታጫውታቸው ጀመር። እርሳቸውም ከሁሉ አስቀድመው የጠየቁት «ከኋላ የተቀመጠው ነው የሚጮኸው?» ብለው ነው። ለካ ነፋሱ ወደ ምድር ስለሚነፍስ ድምፃችን በሙሉ መንደሩ ድረስ ይሰማ ነበር! ባልየው ቅሉን አፉ ላይ ደፍቶ ቆየ።

ከምሰሶው አጠገብ ቀጭን፣ ቀጥ ያለ በትር ቆሟል። ሲንቄ ነው። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ሴት ልጅ ስትዳር ከእናቷ የምትቀበለው በትር ነው። ባል ሚስቱን ቢበድል፣ ክብሯን ቢነካ፣ ሲንቄዋን ይዛ ትወጣለች። የሰፈሩ ሴቶችም ሥራቸውን ትተው፣ የየራሳቸውን ሲንቄ ይዘው አብረዋት ይወጣሉ። ሽማግሌዎች ገብተው፣ በዳዩ ይቅርታ ጠይቆና ካሳ ከፍሎ ነገሩ እስኪያልቅ ድረስ አይመለሱም። ሁለት የሚጋደሉ ወገኖች መካከል ሴቶች ሲንቄ ይዘው ከቆሙም ጠቡ ይቆማል። ከዚህ ባሕል ጋር በአንዳንድ ቦታ የሚፈጸሙ፣ ዑለማዎቻችን የሚነቅፏቸው ሥርዓቶች መኖራቸው አይካድም፤ እዚህ ያነሳነው የሴትን ሐቅ የሚያስከብረውን ጎኑን ነው። ባልየው «በእኛ አገር እንዲህ ያለ በትር የለም» ሲል ሚስትየዋ አስተረጎመችለት። አዛውንቷም «ለዚህ ነዋ ጀልባ ላይ የምትጮኸው» ብለው መለሱ፤ ቤቱ ሁሉ ሳቀ።

ጀልባዋን አስተንፍሰን፣ በአህያ ጋሪ አስጭነን ዳርቻውን ይዘን በእግራችን ተመለስን።

ያን ማታ ከእሳቱ ዳር ባልየው አንድ ነገር ተናገረ። የ11 ዓመት ልጅ ሳለ ሐይቅ ከተማ አብሮት ይዋኝ የነበረ ጓደኛው ከዓይኑ ሥር ሰምጦ ሞቷል። ያን ዕለት እርሱ ከዳር ቆሞ «ወደ ቀኝ! ወደ ቀኝ!» እያለ ይጮህ ነበር። ይህንን ለማንም ነግሮ አያውቅም ነበር፤ 9 ዓመት አብራው ለኖረችው ሚስቱም ጭምር። ሚስትየዋ እርሱ ውኃ የማይፈራ ሰው መስሏት ነው የኖረችው። ብዙ ጠየቀችው፤ ብዙ መለሰላት። የልጁን ስም፣ የእናቱን ሁኔታ፣ ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ሐይቁን እንደሸሸ። እንጨቱ ሲያልቅ ጠባቂያችን ጨመረልን፤ በመጨረሻ ራሱ ጉሮሮውን ጠርጎ ሱብሒ ሊደርስ መሆኑን አሳሰበን።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ለአጭር ጊዜ፣ ከዳርቻው ሳንርቅ እንደገና ወጣን። ቦታ ተቀያየርን፤ ሚስትየዋ ኋላ፣ ባልየው ፊት። «ቀኝ» የሚለውን ቃል ትተን «ወደ ደን» እና «ወደ ውኃ» መባባል ጀመርን። ባልየው ፊት ሲቀመጥ እጅግ ይፈጥናል፤ ሚስትየዋ ሁለት ጊዜ ረጨችው። በ4 ሰዓት ከውኃ ወጥተን ነበር። ቆሻሻችንን እስከ መጨረሻዋ የሻማ ስብርባሪ ለቅመን ጫንን፤ እግረ መንገዳችንን ሌሎች የጣሉትን የፕላስቲክ ጠርሙስ አንድ ማዳበሪያ ሞላን።

አንድ ነገር ለመጨመር ያህል፣ መሄድ ለምትፈልጉ፦ ተንሳፋፊ ሰደርያ ከጀልባው በፊት ይገዛ፤ ዋና የሚችልም ይልበሰው። ከቀትር በኋላ ውኃ ላይ አትገኙ። የአካባቢውን ሰው ሳትጠይቁ ድንኳን አትትከሉ፤ የጠየቃችሁትንም ምክር እንደኛ ሰምታችሁ አትርሱ።

ሲኤምሲ ደርሰን ድንኳኑን እንዲደርቅ ግቢ ውስጥ ስንወጥረው ያችው ጎረቤታችን እናት ወርደው መጡ። ዙሪያውን ዞሩት፣ ጨርቁን ዳበሱት፣ ጎንበስ ብለው ወደ ውስጥ አዩ። «ሁለት ሰው ብቻ ነው የሚይዘው?» አሉ። «አዎ እማማ፣ ሁለት ብቻ።» በሦስተኛው ቀን ልጃቸው በራችንን አንኳኳና እርሱና ባለቤቱ ለሳምንት መጨረሻ እንድናውሳቸው በእናቱ ስም ጠየቀን። ከነጀልባዋ ሰጠናቸው። «ቀኝ» ስለሚለው ቃል ግን አልነገርናቸውም።